ዊዛርድስ በሽንፈት ምን ገዛ?

ሜይ 12 ቀን 2025 ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ነበርኩ። ከ13 ዓመቱ ልጇ ጋር ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ልጁ የዋሽንግተን ዊዛርድስን ማሊያ ለብሷል። ግን በዚያ ማታ ጨዋታ አልነበረም። የምናየው የዕጣ አወጣጥ ነው። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ (ፕሌይኦፍ) ያልደረሱት 14 ቡድኖች ከአዳዲሶቹ ወጣት ተጫዋቾች ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚለዩበት የድራፍት ሎተሪ።

ውጤቱ የሚነገረው ከታች ወደ ላይ ነው። 14ኛ፣ 13ኛ፣ 12ኛ እየተባለ ይወጣል። የቡድንህ ስም ሳይጠራ በቆየ ቁጥር ልብህ ይመታል። ዊዛርድስ በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታ 64ቱን ተሸንፏል። ከሱ የባሰው ዩታ ጃዝ ብቻ ነበር። 65 ጊዜ ተሸንፎ። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ልጅ ነው፤ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ኩፐር ፍላግ።

6ኛው ካርድ ሲገለጥ የዊዛርድስ ምልክት ወጣ። ቀጥሎ በ5ኛው ዩታ። የመጀመሪያውን ምርጫ ያገኘው ዳላስ ነው። ዳላስ በዚያ ዓመት 39 ጨዋታ አሸንፏል። ዕድሉ ከመቶ 1.8 ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። «ታዲያ ያን ሁሉ የተሸነፍነው ለምንድነው?» አለኝ።

በዚያ ማታ ያን ያህል የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ለምንከታተል ሰዎች መሸነፍ ይጠቅማል ሲባል ግራ ያጋባል። እዚያ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ይወርዳሉ። ገንዘባቸውም ተጫዋቾቻቸውም ይበተናሉ። ኤንቢኤ ውስጥ መውረድ የለም። 30ኛ ብትወጣም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ ነህ። እንዲያውም ደካማው ይጠንክር ተብሎ ከኮሌጅና ከውጭ አገር ከሚመጡት ወጣቶች መርጦ የመውሰድ ቅድሚያ ይሰጥሃል።

ቅርጫት ኳስ ደግሞ የአንድ ሰው ጉልበት የሚታይበት ጨዋታ ነው። ሜዳ ላይ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው። አንድ ኮከብ ከ48ቱ ደቂቃ 35ቱን ሊጫወት ይችላል። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ አጥቂ ቢመጣም አሥር ሌሎች ያስፈልጉሃል። እዚህ ግን አንድ ልጅ የከተማውን ታሪክ ይቀይራል። ያ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የሚከፈለው ደግሞ ከትልልቆቹ ኮከቦች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንግዲህ የቡድን ሥራ አስኪያጅ ብትሆን ምን ታስባለህ? «ዘንድሮ ዋንጫ ካልበላሁ ቢያንስ መጨረሻ ልሁን» ትላለህ። ይህን ነው አሜሪካኖቹ ታንኪንግ የሚሉት።

አንድ ነገር ግን ግልጽ መሆን አለበት። ሆን ብሎ የሚሸነፈው ተጫዋቹ አይደለም። ልጆቹ እንጀራቸው ነው፤ በየማታው ይለፋሉ። አሰልጣኙም ቢሆን በሽንፈት ሥራውን ያጣል። የሚሸነፈው ቢሮው ነው። ልምድ ያላቸው ይሸጣሉ። የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች 30 ደቂቃ እንዲጫወቱ ይደረጋል። ትንሽ ያመመው ሰው «ይረፍ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማዘዝ አይጠበቅበትም። ሽንፈቱ ራሱ ይመጣል።

ሊጉ ይህን ስለሚያውቅ ነው ዕጣ ያመጣው። ሎተሪው የተጀመረው በ1985 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው የፒንግፖንግ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገባሉ። አራት ይወጣሉ። ሊሆኑ የሚችሉት ጥምረቶች 1,001 ናቸው። አንዱ ይጣልና 1,000ው ለቡድኖቹ ይከፋፈላል። ድሮ መጨረሻ የወጣው ቡድን 250 ያገኝ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ግን መጨረሻ የወጡት ሦስቱ እኩል 140፣ 140 ያገኛሉ። በዕጣ የሚወሰኑት የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ቀሪው በደረጃ ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? በጣም ደካማው ቡድን አንደኛ የመምረጥ ዕድሉ ከመቶ 14 ነው። 5ኛ የመውረድ ዕድሉ ደግሞ ከመቶ 48 ገደማ። ዊዛርድስ ከታች ሁለተኛ ስለነበር 6ኛ የመውደቅ ዕድሉ ከአምስት አንድ ነበር። ያቺ አንዷ ደረሰችበት። 64 ሽንፈት የገዛው የሎተሪ ትኬት ነው። ትኬቱ አልወጣም።

ዋሽንግተን እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ቡድኑ ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1978 ነው፤ ያኔ ስሙ ቡሌትስ ነበር። 50 ጨዋታ ያሸነፈበት የመጨረሻ ዓመትም 1979 ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ሳንመጣ በፊት ማለት ነው። በ2022 ለኮከባቸው ለብራድሊ ቢል የአምስት ዓመት የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። ውሉ ላይ ያለ ፈቃዱ እንዳይሸጥ የሚል አንቀጽ ገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቡድኑ 35 አሸንፎ 47 ተሸንፏል። ከውሉ በኋላም እንደገና 35 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኼ ነው። ፕሌይኦፍ የለም፤ ጥሩ ምርጫም የለም።

በ2023 አዲስ አመራር መጣ። ማይክል ዊንገር ፕሬዚዳንት፣ ዊል ዳውኪንስ ዋና ሥራ አስኪያጅ። የመጀመሪያ ሥራቸው ማፍረስ ነበር። ቢል ወደ ፊኒክስ ሄደ። በዚያች አንቀጽ ምክንያት የሚሄድበትን የመረጠው እሱ ስለሆነ በምትኩ የተገኘው ትንሽ ነው። ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ወደ ቦስተን ሄደ፤ እዚያ በሄደ በዓመቱ ዋንጫ አነሳ። ዊዛርድስ በ2023-24 የቡድኑ ታሪክ የማያውቀውን 15 ድል ብቻ አስመዘገበ። በተከታታይ 16 ጨዋታ የተሸነፈበት ጊዜ ነበር። በዓመቱ ያሸነፈው 18 ነው።

በዚህ መሃል ግን ልጆች መጡ። ከፈረንሳይ ቢላል ኩሊባሊ። ከፈረንሳይ እንደገና፣ በ2024 በሁለተኛ ምርጫ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 የሆነው አሌክስ ሳር። በዚያው ድራፍት ባብ ካሪንግተንና ካይሻውን ጆርጅ። በ2025 በዚያች 6ኛ ምርጫ ትሬ ጆንሰን።

የካሪንግተን ነገር ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እሱ የተመረጠበት 14ኛ ቦታ የፖርትላንድ ነበር። ዊዛርድስ ያንን ለማግኘት የሰጠው እስራኤላዊውን ዴኒ አቭዲያን ነው። አቭዲያ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነው፤ ውሉም ርካሽ ነበር። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ከኔ በላይ ያውቁታል። ፖርትላንድ ሄዶ አደገ፤ በ2026 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ለመሰለፍ የበቃ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ሆነ። እኔ በማፍረሱ አልቃወምም። ግን የማፍረስ ሥራ ሲጀመር ምን እንደሚፈርስና ምን እንደሚቀር መለየት ይከብዳል። «ሁሉም ይሸጥ» ሲባል የሚያድገው ልጅም አብሮ ይሸጣል። ለሱ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የ2029 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ነው እስከዚያው።

የዚህ መንገድ አባት ፊላዴልፊያ ነው። በ2013 ሳም ሂንኪ የሚባል ሰው የከተማውን ቡድን ሲክሰርስን ያዘ። ነገሩን ሳይደብቅ አደረገው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያሸነፈው 19፣ 18፣ 10 ነው። ከ246 ጨዋታ 47። ደጋፊው «ሂደቱን እመኑ» እያለ መፈክር አወጣለት። ሂንኪ በ2016 ለቀቀ። የሰበሰበው ግን ቀርቷል። ጆኤል ኤምቢድ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ዋንጫስ? የለም። በ2015 ሦስተኛ ምርጫ ነበራቸው፤ ጃሊል ኦካፎርን ወሰዱ፤ ብዙም አልቆየም። በ2017 የመጀመሪያውን ምርጫ ከቦስተን ገዝተው ማርኬል ፉልትዝን መረጡ። የልጁ ትከሻ ተበላሸ። ቦስተን በሦስተኛው ቦታ ጄሰን ቴተምን ወሰደ። በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ሰባተኛው ጨዋታ ላይ የካዋይ ሌናርድ የመጨረሻ ሰከንድ ኳስ ቀለበቱን አራት ጊዜ ነጥሮ ገባ። ኤምቢድ እያለቀሰ ወጣ። ያን ምሽት ያየ ሰው አይረሳውም። ያ ሁሉ ዓመት ሽንፈት ተደምሮ ውጤቱ በአንድ ኳስ ንጥረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሲክሰርስ እስከ 2025 ድረስ ከሁለተኛው ዙር አላለፈም።

«ኦክላሆማስ?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በ2021-22 24 ብቻ አሸንፎ፣ አንድ ማታ ሜምፊስ ላይ በ73 ነጥብ ልዩነት ተሸንፎ፣ በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። ዳውኪንስ ረጅም ዓመት የሠራው እዚያ ነው። ዋሽንግተን የሚከተለው ካርታ የኦክላሆማ ነው ይባላል።

ግን ያንን ቡድን ፈታ አድርገን እንየው። የቡድኑ ቁንጮ ሼ ጊልጅየስ-አሌክሳንደር በመሸነፍ አልመጣም። በ2019 የያኔውን ኮከብ ፖል ጆርጅን ለሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሲሸጡ ከአምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ጋር የመጣ ነው። (በነገራችን ላይ ዊንገር ያኔ ክሊፐርስ ነበር። ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ዋጋውን ያየ ሰው ነው።) ጄለን ዊሊያምስ 12ኛ ነው የተመረጠው፤ ያውም በክሊፐርስ ምርጫ። ሉ ዶርትን ድራፍት ላይ ማንም አልመረጠውም። ሃርተንስታይን ነጻ ተጫዋች ሆኖ መጣ። ካሩሶ በልውውጥ። ከዋናዎቹ መካከል በሽንፈት የተገኘው ቼት ሆልምግሬን ነው፤ በ2022 ሁለተኛ ምርጫ። ኦክላሆማን ያነሳው መሸነፉ ሳይሆን ኮከቡን ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰዓት መሸጡና ልጆችን ማሳደግ ማወቁ ነው። ዋሽንግተን ቢልን የሸጠው ዋጋው ከወደቀ በኋላ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ዲትሮይት ደግሞ ሌላኛውን ጎን ያሳያል። በ2023 የሊጉ መጨረሻ ሆኖ 5ኛ ወደቀ። ያኔ ሁሉም የሚፈልገው ቪክተር ዌምባንያማ ለሳን አንቶኒዮ ወጣ። በ2023-24 በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸነፈ፤ ዓመቱን በ14 ድል ጨረሰ። ሎተሪው መጣ፤ አሁንም 5ኛ። ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት 44 አሸነፈ። ምን ተለወጠ? ኬድ ካኒንግሃምና ሌሎቹ ወጣቶች እነዚያው ናቸው። አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ቶቢያስ ሃሪስን፣ ማሊክ ቢዝሊንና ቲም ሃርዳዌይን የመሳሰሉ ልምድ ያላቸው ሰዎች መጡ። ልጆቹ መሃላቸው ትልቅ ሰው ሲያገኙ መጫወት ቻሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። ይሄዳል፤ ግን የምታቅፈው ዶሮ ያስፈልጋል። ታንኪንግ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ዶሮዋን መሸጥ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይወራለት ጉዳይ። ምርጫ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ሲሸጥ «ጥበቃ» ይደረግለታል። ዋሽንግተን በዲሴምበር 2020 ጆን ዎልን ሰጥቶ ራስል ዌስትብሩክን ሲያመጣ ለሂውስተን አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጨምሯል። ያ ምርጫ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ኒውዮርክ ደረሰ። ውሉ እንዲህ ይላል፦ በ2026 ምርጫው ከ1 እስከ 8 ከወጣ ዋሽንግተን ያስቀረዋል። 9ኛ ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ኒውዮርክ ይወስደዋል። እንግዲህ አስቡት። በ2025-26 ዊዛርድስ ትንሽ ጥሩ ቢጫወት ምርጫውን ለኒውዮርክ ያስረክባል። ውሉን የፈረሙት ሰዎች ሄደዋል፤ ዎልም ዌስትብሩክም ሄደዋል። ዋጋውን የከፈለው ግን በዚያ ዓመት ትኬት ቆርጦ የገባው ተመልካች ነው።

ይህ የዋሽንግተን ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 2023 ዳላስ ቺካጎን ሲገጥም ዋና ተጫዋቾቹን አስቀምጦ 750,000 ዶላር ተቀጣ። ምርጫው ከ1 እስከ 10 ከወጣ ይቀርለታል፤ አለበለዚያ ለኒውዮርክ ነበር። 10ኛ ወጣ፤ ቀረለት። በፌብሯሪ 2026 ዩታ ሎሪ ማርካነንን በአራተኛው ሩብ እያስቀመጠ 500,000 ዶላር ተቀጣ። የዩታ ምርጫም ከ8ኛ በታች ከሆነ ለኦክላሆማ የሚሄድ ነበር። ሦስቱንም ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ያው በሽታ ነው። ቡድኖቹን ወደ ታች የሚገፋቸው የአንደኛ ምርጫ ሕልም ብቻ አይደለም። ያቺ የጥበቃ መስመር ናት። ሊጉ መቶ ሺዎችን እየቀጣ ይውላል። ለቢሊየነር ባለቤት ይህ ገንዘብ ምንም ማለት አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሰርዘው ጥበቃውን ነው። ምርጫህን ሸጥክ? ተሽጧል። ከዚያ በኋላ ለመሸነፍ ምክንያት የለህም። ዕጣውን እንደገና ማከፋፈል የሁለተኛ ደረጃ ሥራ ነው።

ሽንፈቱ ከሜዳ ውጭም ዋጋ አለው። ዊዛርድስ የሚጫወትበት አዳራሽ ጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ጣቢያ አናት ላይ ነው። ባለቤቱ ቡድኑን ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሊወስዱት ነበር። በማርች 2024 ያ ሐሳብ ሲቀር ከተማው ለአዳራሹ ማደሻ 515 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተስማማ። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በዚያ ከተማ ግብር የሚከፍሉ ብዙ ሐበሾች አሉበት። ማታ ማታ ኡበር የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ቡድኑ በዘጠኝ በአሥር ነጥብ ሲፋለም ሰው እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ እሱም መቼ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። በ25 ነጥብ ወደ ኋላ ሲቀር ግን ሰው ሦስተኛው ሩብ ላይ መውጣት ይጀምራል። «ስልኬ በጊዜ ከጮኸ ውጤቱን አልጠይቅም» ይለኛል። አካባቢው ያለ ምግብ ቤትም፣ መኪና የሚያቆም ልጅም እንደዚያው ነው የሚኖረው።

የአሁኑ አመራር ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ማየት የምወደውም ይህን ነው። ከቢል ሽያጭ የመጣው ክሪስ ፖል ወደ ጎልደን ስቴት ሄዶ ጆርዳን ፑል ተገኘ። ፑል በሲጄ መኮለም ተለወጠ። መኮለም ከኮሪ ኪስፐርት ጋር ሆኖ በጃንዋሪ 2026 ትሬ ያንግን አመጣ። በወሩ አንተኒ ዴቪስ ከዳላስ ተጨመረ። ሁለቱም በመጡበት ሰዓት ጉዳት ላይ ነበሩ። ያ ደግሞ ለዚያች ለ8ኛዋ መስመር አልጎዳም። ቢሆንም ሁለቱ ሲድኑ ሳርና ሌሎቹ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎናቸው ትልቅ ሰው ያገኛሉ። ያንግ ኳስ የሚያቀብል ሰው ነው። ሳርን የመሰለ ረጅም ልጅ ቀለበት ሥር ኳስ የሚያደርስለት ሰው ሲያጣ ነው ሁለት ዓመት የኖረው። ዴቪስ በዕድሜው ገፋ ብሏል፤ ሰውነቱም ቶሎ ይጎዳል። ውሉ ውድ ነው። ይህን አልደብቅም። ግን ዲትሮይት ያደረገውን ሳየው አካሄዱ የተሻለ ነው እላለሁ።

በብርዱ ወራት ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ማታ ገብተን ነበር። ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ላይኛው ፎቅ። አራተኛው ሩብ ሲጀመር ልዩነቱ ከ20 በላይ ነበር። ከፊታችን ያለው መደዳ ባዶ ሆኗል። ሜትሮው ሳይጨናነቅ እንውጣ ብዬ ኮቴን ለበስኩ። ልጁ አልተነሳም።

«ሳር ገና ሜዳ ላይ ነው» አለኝ።

ኮቴን አውልቄ ተቀመጥኩ።